ለቴሌቪዥን የሚሆን ስፒከር በአቅማችን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቲቪ ድምፅ የተጠየቁትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልስ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር አልጽፍም። ምን መታየት እንዳለበትና የቱ እንደሚቀድም ግን በዝርዝር እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ 43 ኢንች ቲቪ ገዛን። ምስሉ ኩልል ያለ ነው፤ ድምፁ ግን ከድሮው ባለ ሆድ ቲቪ ያንሳል። የተበላሸ ሰጥተውን ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ቦታ ነው ያጣው። የድሮው ቲቪ ሆዱ ሰፊ ስለነበር ደህና ስፒከር ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይገጠምለት ነበር። የአሁኑ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች፣ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 8 ወይም 10 ዋት፣ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ዞረው ይገጠሙበታል። ድምፁ መጀመሪያ ብፌውን ወይም ግድግዳውን መትቶ ነው ወደ እናንተ የሚመለሰው። በዚህ መሃል የሚደበዝዙት እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» ያሉ ስል ድምፆች ናቸው፤ ቃልን ከቃል የምንለየው ደግሞ በእነሱ ነው። ድምፁ እየጮኸ ንግግሩ አልያዝ የሚለው ለዚህ ነው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ከቲቪው ሥር የተነጠፈውን ዳንቴል አንሱ። ስፒከሩ ወደ ታች ለሚያይ ቲቪ ዳንቴል ማለት አፍን በነጠላ ሸፍኖ እንደ ማውራት ነው። ቀጥሎ በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ሰራውንድ» የሚለውን አጥፉ፣ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ሁለት ሦስት ደረጃ ቀንሱ፣ «ክሊር ቮይስ» ወይም ተመሳሳይ ነገር ካለ አብሩ። ከዚህ በኋላም ካልተሻለ መግዛት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ በትንሽ ብር ሳውንድባር (ከቲቪው ሥር የሚቀመጠው ረጅም ስፒከር) ይሻላል ወይስ ሁለት ስፒከር?

መልስ፦ ብሩ ትንሽ ከሆነ ሁለት ስፒከር፤ በተለይ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ውስጡ ያለው፣ ራሱ ሶኬት ላይ የሚሰካው ዓይነት። ባለ 4 ኢንች ዋና ስፒከርና ከላዩ ትንሽ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ካለው፣ ሳጥኑ እንጨት ወይም ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) ከሆነ፣ 4 በ4 ሜትር ለሆነ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ርካሽ ሳውንድባር ውስጥ ያሉት ስፒከሮች ግን ብዙ ጊዜ ከቲቪው እምብዛም የማይበልጡ ናቸው፤ ጉድለቱን እንዲሸፍንላቸው ነው ወለል ላይ የሚቀመጥ ሳብዉፈር፣ ማለትም የቤዝ ስፒከር፣ የሚጨመርላቸው። ችግሩ ሳብዉፈሩ ከዱም ዱም አልፎ የወንድ ድምፅ ወዳለበት ክልል መውጣቱ ነው። ዜና አንባቢው ግማሹን ከቲቪው፣ ግማሹን ከሶፋው ጥግ የሚያወራ ይመስላል።

ሳውንድባር የምመክረው ሁለት ስፒከር የሚቀመጥበት ቦታ ለሌለው፣ ወይም ሁሉንም በአንድ ሪሞት ማዘዝ ለሚፈልግ ነው። የምትገዙት ለቤዝ ብላችሁ አይሁን። ንግግሩ ጥርት ካለ ፊልሙም ዘፈኑም ኳሱም ይከተላል።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት የሚል አይቻለሁ። ሌላው 40 ዋት ብቻ ነው የሚለው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ 5000 የሚለው «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ቁጥር ነው፤ ፋብሪካው እንዳሻው የሚጽፈውና ወጥ መለኪያ የሌለው። እናንተ የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ ሊያወጣ የሚችለውን ዋት ነው። ካልተጻፈ ከጀርባው ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ዋት ድምፅ ሳያቋርጥ ሊያወጣ አይችልም፤ ከገባው የበለጠ አይወጣም።

ደግሞም ብዙ ዋት አያስፈልጋችሁም። ደህና ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ያወጣል፤ ተራ ጭውውት 60 ገደማ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ግን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በ20 እና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ካርቶኑ ላይ የሚመስለውን ያህል አይደለም።

ጥያቄ፦ ስፒከሩን ከቲቪው ጋር በምን ላገናኘው?

መልስ፦ ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት የቲቪውን ጀርባ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ግዢውን የሚወስነው እሱ ነው። ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ አንዱ አጠገብ «ኤአርሲ» (ARC፤ የቲቪውን ድምፅ ወደ ስፒከር የሚያወጣው) ተብሎ ከተጻፈና የምትገዛው ሳውንድባር ላይም ካለ፣ በዚያ አገናኝ፤ የቲቪው ሪሞት ድምፁን ያዝዛል። ግን ሴቲንግ ውስጥ ሳምሰንግ ላይ «አኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ ላይ «ብራቪያ ሲንክ» የሚባለውን ማብራት አለብህ። ገመዱን ሌላ ኤችዲኤምአይ ላይ ሰክቶ «አይሠራም» የሚል ብዙ ነው።

የጆሮ ማዳመጫ ጃክ ካለው ደግሞ ባንዱ ጫፍ ጃክ፣ በሌላው ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ይበቃሃል። ይህ ርካሹ መንገድ ነው፤ በቲቪው ሪሞት ድምፁን መቀነስም መጨመርም ይቻላል። የቲቪውን ድምፅ 70 ወይም 80 ላይ አድርግና የስፒከሩን ቁልፍ እስኪመችህ ክፈት። በተቃራኒው ቲቪውን 15 ላይ ትተህ ስፒከሩን እስከ ጥግ ከከፈትከው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ ይመጣል።

አዳዲስ ቲቪዎች ብዙ ጊዜ ጃክ የላቸውም፤ ያላቸው «ኦፕቲካል»፣ ማለትም ድምፁን በብርሃን የሚልክ መውጫ ነው። ስፒከሩ የኦፕቲካል መግቢያ ከሌለው ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ ኃይል የሚያገኘው ከቲቪው ዩኤስቢ ነው። ኦፕቲካል ላይ ግን የቲቪው ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን አይቀንስም። ስለዚህ የራሱ ሪሞት ያለው ስፒከር ግዛ።

ጥያቄ፦ ያልከውን ኦፕቲካል ሳጥን ገዝቼ ሰካሁ። ቀይ መብራቱ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም።

መልስ፦ ሁለት ነገር እይ። መጀመሪያ የገመዱን ሁለቱንም ጫፎች፤ መስታወት የመሰለች ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለች፣ ካልወለቀች ብርሃኑ በትክክል አያልፍም። ሁለተኛው የቲቪው ዲጂታል ድምፅ ሴቲንግ ነው። «ዶልቢ» (የታጨቀ ድምፅ) ወይም «አውቶ» ላይ ከሆነ ወደ «ፒሲኤም» (ያልታጨቀው) ቀይረው። ያቺ ሳጥን ዶልቢን መፍታት ስለማትችል ዝም ትላለች ወይም ትንኮሻኮሻለች። አንዱ ቻናል እየሠራ ሌላው ዝም ካለ ደግሞ ጥፋቱ ይኸው ሴቲንግ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ ስፒከር ስላለን በእሱ አገናኘነው። የሰዎቹ አፍ ተንቀሳቅሶ ካበቃ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው።

መልስ፦ ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ፣ ልኮ፣ እንደገና እስኪፈታው ጊዜ ይፈጃል፤ ተራው ዓይነት 200 ሚሊሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ለዘፈን ችግር የለውም፤ ለድራማ ግን ያበሳጫል። ቲቪው ላይ «ኦዲዮ ዲሌይ» የሚለውን ብትነኩትም በአብዛኛው ቲቪ ድምፁን ይበልጥ ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም። ስፒከሩ የጃክ ቀዳዳ ካለው በገመድ ሰኩት፤ ዛሬውኑ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የድሮ ትልቅ ቴፕ አለ። ካሴቱም ሲዲውም አይሠራም። ይጣል?

መልስ፦ እንዳትጥሉት! ጀርባው ላይ «ኦክስ» የሚል ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው ያለ ምንም ግዢ፣ በአንድ ገመድ ብቻ የቲቪ ድምፅ ይሆናችኋል፤ ከብዙ አዲስ ርካሽ ስፒከርም ይበልጣል። «ፎኖ» የሚለው ላይ ግን አትሰኩ፤ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ስለሆነ የቲቪ ድምፅ ሲገባበት ይቀደዳል። የስፒከሩ ሽቦ ካጠረ ለ5 ሜትር 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ለሚረዝመው 1.5 ይበቃል። በድምፅ ቤት «ልዩ ኬብል» ለሚባለው ገንዘብ አታባክኑ።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ዜናው አልሰማ እያላት ድምፁን ትጨምራለች፣ ልጆቹ ማጥናት አልቻሉም።

መልስ፦ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው። ስለዚህ የሚጠቅማቸው የድምፁ መብዛት አይደለም፤ የድምፁ መቅረብ ነው። አንድ ትንሽ ባለ ገመድ ስፒከር ከመቀመጫቸው ጎን፣ በጆሯቸው ከፍታ፣ በአንድ ሜትር ርቀት አስቀምጪላቸው። ቤዙን ቀንሺ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከመሃል ትንሽ ከፍ አድርጊ። ርቀቱ ከሦስት ሜትር ወደ አንድ ሲወርድ በጣም ባነሰ ድምፅ ይሰማሉ። ጃኩ ሲሰካ የቲቪው የራሱ ድምፅ ከጠፋ፣ ሁለቱንም አብሮ የሚያሠራ ምርጫ ሴቲንጉ ውስጥ ፈልጊ፤ ሁሉም ቲቪ ግን የለውም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ለቤተሰብ ሳውንድባር ልልክ ነው። ሳብዉፈርም አለው። አዲስ አበባ ይሠራል?

መልስ፦ እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። የሁለቱንም ዕቃ ጽሑፍ ለየብቻ አንብብ። ባሩ የሚመጣው ከአዳፕተር ጋር ከሆነ ብዙ ጊዜ «100-240» ይላል፤ ያ ደህና ነው። የሚቃጠለው በአብዛኛው ሳብዉፈሩ ነው፤ ገመዱ በቀጥታ ስለሚገባ «120» ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል። እሱን ሶኬት ላይ የሰኩት ቀን ያበቃለታል። 120 ብቻ ከሆነ ወይ አትላከው፣ ወይ የሚወስደው ዋት እጥፍ አቅም ያለው 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛ። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት አያሳስብም፤ መሰኪያው ብቻ ነው የሚለየው።

ጥያቄ፦ ስፒከሩን ከሰካን ጀምሮ «እምምም» የሚል ድምፅ አለ፣ ቲቪው ዝም ሲልም አይጠፋም።

መልስ፦ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ፈትታችሁ አድምጡ። እምታው ከጠፋ ምክንያቱ የዲሹ ገመድና የቤቱ መስመር በሁለት በኩል መሬት መንካታቸው ነው። ቲቪውን፣ ሪሲቨሩንና ስፒከሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ በኦፕቲካል አገናኙ፤ በብርሃን ስለሚሄድ እምታው የሚያልፍበት ሽቦ የለም። የመሬት መስመሩን እግር ቆርጦ ዝም ማሰኘት ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ስለሆነ በፍጹም አታድርጉት።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳይቃጠልስ?

መልስ፦ ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ። ቤት ሰው ከሌለ መብራት ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ የሚለቅ ቲቪ ጋርድ ጥሩ ነው፤ ስፒከሩም በእሱ በኩል ይሰካ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ያገለገለ ስፒከር ልገዛ ነው። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ሽፋኑን አስወልቅ። በስፒከሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ወይም ስፖንጅ ከተሰነጠቀ ወይም ሲነካ ከተፈረፈረ ተወው። ከዚያ በሁለት እጅህ ጣቶች ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ ይዘህ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋው፤ «ኽር» የሚል የመፋቅ ድምፅ ካለ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተጣሟል። ለሙከራ ሻጩ የመረጠውን ዘፈን አትቀበል። ስልክህ ላይ የሰው ንግግር ያለበት ነገር ይዘህ ሂድ፣ ዝቅ አድርገህ አድምጥ፤ ቃሉ ካልተያዘህ ሌላ ሞክር።

ጥያቄ፦ ገዝቼ በሽቦ አገናኘሁ፤ ቤዙ ጠፋ፣ ድምፁም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጎረቤትም አለብኝ።

መልስ፦ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር አገላብጠህ አስረኸዋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ቤዙ እርስ በርሱ ይጣፋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ፍታና 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነካው፤ ፖዘቲቩ ከአምፕሊፋየሩ ቀይ ቀዳዳ የፈታኸውን ጫፍ፣ ኔጋቲቩ ከጥቁሩ የፈታኸውን ሲነካ ስፒከሩ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ያ ነው የተገለበጠው። ከዚያ ትዊተሩ ስትቀመጥ በጆሮህ ከፍታ እንዲሆን አድርገህ፣ ሁለቱን በቲቪው ግራና ቀኝ፣ በመካከላቸውም አንተ እስከ እነሱ ያለህን ርቀት ያህል አራርቀህ ወደ መቀመጫህ አዙራቸው። ለጎረቤቱ ደግሞ ሳጥኖቹን ከግድግዳው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አርቅ፣ ጥግ ላይ አታስገባ፣ ከሥራቸው ወፍራም ጎማ አንጥፍ፤ ከሁሉ በላይ ወደ ታች ቤት የሚወርደው በሲሚንቶው የሚያልፈው ቤዝ ነው።