ወደ አሜሪካ ጦር ለመግባት ያሰባችሁ፣ ስለ ሕመም ታሪካችሁ ልዋሽ ወይስ ልናገር? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፣ የመጣው ግን ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ለማታውቁኝ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግያለሁ፣ የተወሰነውን ጊዜ ደግሞ በሪክሩተርነት፣ ማለትም አዲስ ወታደር በመመልመል። ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ግን የሐበሻ ልጆች የት ላይ እንደሚሰናከሉ በደንብ አውቃለሁ። አብዛኞቹን የሚያስቀራቸው የወረቀት ጉዳይ ነው፣ ወይም ምንም የማይጠቅም ውሸት።

«ሪክሩተሬ ፎርሙ ላይ ሁሉንም "ኖ" በል፣ አለበለዚያ ይጓተትብሃል አለኝ። እሱ ካለ ምን ችግር አለው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ «እሺ፣ ይህንኑ በቴክስት ጻፍልኝ» በለው። አይጽፍልህም። ሪክሩተር በየወሩ እንዲያስገባ የሚጠበቅበት የሰው ቁጥር አለው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፣ ጨዋዎቹ ይበዛሉ። ግን ፊርማው ያንተ ነው። የጦሩ መግቢያ ምርመራ ወደሚደረግበት ሜፕስ ከመሄድህ በፊት ዲዲ 2807-2 የሚባል የሕመም ታሪክ ፎርም ትሞላለህ፣ እዚያ ስትደርስም ስለ ታሪክህ ትጠየቃለህ። በእነዚህ ላይ እያወቁ መዋሸት እስከ 5 ዓመት እስራት፣ 10,000 ዶላር ወይም ሁለቱንም ሊያስቀጣ ይችላል። ከገባህ በኋላ ደግሞ በወታደራዊው ሕግ አንቀጽ 104ኤ አለ፣ በማጭበርበር መመልመልን የሚመለከት። እያወቀ ያስገባህን ሪክሩተር ደግሞ 104ቢ ይይዘዋል። እርግጥ ለዚህ ብቻ ወህኒ የሚወርድ ሰው ብዙ አይደለም። የተለመደው ከሥልጠና መሃል ሻንጣ ይዞ ቤት መመለስ ነው። ሰፈር ሙሉ ድግስ በልቶ ሸኝቶህ፣ በወሩ ስትመለስ ምን እንደምትል አስበው።

«የአጎቴ ልጅ አስም ነበረበት፣ ደብቆ ገባ፣ እስካሁን ምንም አልሆነም። እንዴት ሊያውቁ ይችላሉ?» (ከዳላስ)

መቼ ነው የገባው? ከ2022 በፊት ከሆነ ሌላ ዘመን ነው። ያኔ ሜፕስ የሚያየው አንተ ያመጣኸውን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ2022 ግን ኤምኤችኤስ ጄነሲስ የሚባለው የጦሩ የሕክምና መዝገብ ሥርዓት ሜፕስ ገባ። ይሄ ሥርዓት መረጃ ከሚለዋወጡ የሲቪል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች መዝገብ ይስባል። የታዘዘልህ መድኃኒት፣ በ15 ዓመትህ ለሊት ድንገተኛ ክፍል የገባህበት፣ አንተ ራስህ የረሳኸው ሁሉ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ክሊኒክ አልተገናኘም፣ እሱ እውነት ነው። ግን የትኛው እንደተገናኘና የትኛው እንዳልተገናኘ አንተ አታውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ንጹሑንም ሰው የሚጎዳ ነው። መዝገብ ስህተት ይኖረዋል። ጉንፋን ደረትህ ላይ ወርዶ ሐኪሙ ኢንሄለር ሲያዝልህ ለኢንሹራንሱ ብሎ «አስም» ብሎ የጻፈው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሪክሩተር ጋር ቁጭ ከማለትህ በፊት የራስህን መዝገብ አውጣና አንብብ። ማይቻርት በሚባለው የኦንላይን የታካሚ መዝገብ ወይም ክሊኒኩን በመጠየቅ ታገኘዋለህ። ስህተት ካለ ሐኪሙ የማብራሪያ ደብዳቤ ይጽፍልሃል። ሜፕስ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ግን ውሸታም የሚመስለው ፊት ያንተ ነው።

«እኔ የታከምኩት ኢትዮጵያ ነው። የጥቁር አንበሳ ካርድ ክፍል ከፔንታጎን ጋር አልተገናኘ!» (ከሲያትል)

ሃሃ፣ አልተገናኘም። ካርድህን ለማውጣት አንተ ራስህ ብትሄድም ግማሽ ቀን ነው። ግን ፎርሙ የሚጠይቅህ «ወረቀት አለህ ወይ?» ብሎ አይደለም፣ «ከዚህ በፊት ነበረብህ ወይ?» ነው። ሆድህ ላይ ያለው የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይታያል፣ ልብስህን አውልቀህ ነው የምትመረመረው። ደግሞ ዲቪ ደርሶህ ወይ በቤተሰብ ቪዛ ስትመጣ አዲስ አበባ ላይ በኤምባሲው የተመደበ ሐኪም መርምሮሃል፣ ታሪክህንም ጠይቆ ጽፏል። እዚያ አንድ ነገር ተናግረህ እዚህ ሌላ ብትናገር፣ በአንድ መንግሥት ሁለት መዝገብ ውስጥ ሁለት መልስ አለህ ማለት ነው።

የኢትዮጵያውን ማስረጃ ማምጣት ከቻልክ አምጣ። ዘመድ ይላክ፣ ቅጂውን ያውጣ፣ እንግሊዝኛ ካልሆነ ይተርጎም። ካልተገኘ አልተገኘም፣ «ሞክሬያለሁ፣ ይሄን ይሄን ታክሜ ነበር» ብለህ ጻፍ።

«በልጅነቴ ክንዴ ተሰብሮ ወጌሻ ነው ያሸኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?» (ከሚኒሶታ)

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ተሰብሮ እንደነበር፣ ስንት ዓመትህ እንደነበር፣ በባህላዊ መንገድ እንደታከመ ጻፍ። ራጅ ስላልተነሳህ በእርግጥ ስብራት ይሁን ወለምታ አታውቅ ይሆናል፣ እሱንም ጻፍ። ቀድመህ እዚህ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂድና አዲስ ራጅ አስነሳ። በደንብ ከገጠመ፣ እጅህ እስከ መጨረሻው ከተዘረጋና ካልደከመ አጥንት ተሰብሮ ማወቁ ብቻውን አያስቀርህም። ሜፕስ ላይ በዳክዬ አካሄድ ሲያስኬዱህና እጅህን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያስብሉህ የሚያዩትም ይህንኑ ነው፣ መገጣጠሚያህ ይሠራል ወይ?

«የቲቢ ምርመራዬ ፖዘቲቭ ነው፣ ግን አሞኝ አያውቅም። ልደብቀው?» (አምስት ሰው ጠይቋል)

አትደብቁ፣ ምክንያቱም ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ቢሲጂ ተከትበናል፣ ክንድ ላይ ያለችው ጠባሳ እሷ ናት። ቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ በዚያ ክትባት ምክንያት ሊያብጥ ይችላል። የደሙ ምርመራ ግን በቢሲጂ አይታለልም። ስለዚህ መጀመሪያ የደሙን አሠራ። እሱም ፖዘቲቭ ከሆነና የደረት ራጅህ ንጹሕ ከሆነ የተኛ ቲቢ ነው የሚባለው። አትታመምም፣ ለሰውም አታስተላልፍም፣ ወደፊት ግን ሊነሳ ይችላል። ጦሩ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ስለሚያስተኛ ይሄ ነገር ያሳስበዋል።

መስፈርቱ የሚለው መከላከያ ሕክምናውን ጨርሰህ ማስረጃ አምጣ ነው። መድኃኒቱ ሪፋምፒን ከሆነ 4 ወር በየቀኑ፣ ሌላው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ 12 ሳምንት የሚወሰድ ጥምር ነው። ብዙ ቦታ የካውንቲው ጤና ቢሮ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። ጨርስ፣ ደብዳቤውን ያዝ፣ በቃ። አራት ወር ረዘመብኝ ብሎ ለአራት ዓመት ኮንትራት ውሸት የሚፈርም ሰው ሒሳቡ አይገባኝም።

«ልጄ ሕፃን እያለ አስም ነበረበት፣ አሁን ግን ሯጭ ነው። ለሰው ሁሉ መናገር ምን ያደርጋል ብዬ ዝም በል አልኩት። ተሳስቻለሁ?» (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

እናቴ፣ ልብዎ ይገባኛል። የቤትን ገመና አደባባይ አለማውጣት እኛ ጋ ጨዋነት ነው። ግን እዚህ ላይ ዝምታው ልጅዎን ነው የሚጎዳው። መስፈርቱ ትኩረት የሚያደርገው ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ ባለው አስም ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቆሞ ከሆነ፣ መቼ እንደቆመ የሚያሳየውን የሕፃናት ሐኪሙን መዝገብ ይያዝ፣ ነገሩ ያልቃል። ከ13 በኋላም ከነበረ የትንፋሽ ምርመራ አሠርቶ የልዩ ፈቃድ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። የደበቀው ልጅ ግን ቤዚክ (የመጀመሪያው የጦር ሥልጠና) ላይ በአስለቃሽ ጋዝ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ቢያጥረው ኢንሄለርም የለው፣ የሚያውቅለትም ሰው የለ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው እንጂ ፎርሙ አይደለም።

«አባቴ ሲሞት ከባድ ጭንቀት ውስጥ ገብቼ ካውንስለር ጋ ሄጄ ነበር፣ ትንሽ ጊዜም መድኃኒት ወስጃለሁ። አለቀልኝ?» (ከአትላንታ)

አላለቀልሽም እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐዘን በሽታ አይደለም፣ ሐኪሙ ምን ብሎ እንደመዘገበው ግን ወሳኝ ነው። ዲፕሬሽን ተብሎ ከተጻፈ የሚያዩት ሕክምናው በድምሩ ከ12 ወር በላይ መቆየቱን፣ ባለፉት 36 ወራት ምልክት ወይም ሕክምና መኖሩን፣ ሆስፒታል መተኛትሽን፣ ተመልሶ መምጣቱንና ራስን የመጉዳት ሐሳብ መኖሩን ነው። አጭር ከሆነና ካለፈ ጥሩ ዕድል አለሽ። ሐኪምሽ አጠር ያለ ደብዳቤ ይጻፍልሽ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገራችሁ፣ ለሁላችሁም ነው። መድኃኒት ላይ ያላችሁ ሰዎች ጦር ለመግባት ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ቤዚክ እንቅልፍ የሚነፈግበት፣ ስልክ የሚወሰድበት፣ መሣሪያ የሚያዝበት ቦታ ነው። ጦሩ ይጠብቃል፣ የትም አይሄድም።

«ልጅ እያለሁ እየጣለኝ ጸበል ወስደውኝ ዳንኩ። ሐኪም አይቶኝ አያውቅም። ይሄ ይጻፋል?» (ስሜ ይቅር)

ይጻፋል። ጸበሉ አዳነህ፣ ተመስገን። ፎርሙ ግን ራስህን ስተህ ታውቃለህ ወይ፣ ያንቀጠቅጥህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ማን እንዳዳነህ አይደለም። ከ6ኛ ዓመት ልደት በኋላ የሚጥል በሽታ ከነበረ ያለ መድኃኒት 5 ዓመት ሙሉ ሳይነሳ መቆየቱና የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው ደህና መሆኑ ይጠየቃል። ስለዚህ የነርቭ ሐኪም ጋ ሂድ። ምናልባት የሚጥል በሽታ ሳይሆን የልጅነት ትኩሳት ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማወቅ ለራስህም ይጠቅማል። ይሄን ግን እባክህ አትደብቅ። ሹፌር ሆነህ ከባድ መኪና ላይ ልትቀመጥ ትችላለህ።

«ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ውሸቱ ቢታወቅ ከጦሩ ከመባረር ሌላ ምን ይመጣብኛል?» (ከላስ ቬጋስ)

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ሰው የማያስበው። ብዙዎቻችን የምንገባው ዜግነት ቶሎ እናገኛለን ብለን ነው። ልክ ነው፣ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ወዲህ ያለው ጊዜ በሕጉ የግጭት ዘመን ተብሎ ስለተያዘ፣ በክብር የሚያገለግል ግሪን ካርድ ያለው ሰው አምስቱን ዓመት ሳይጠብቅ ማመልከት ይችላል፣ ክፍያም የለውም። ግን «በክብር» የምትለው ላይ ነው ሁሉም የተንጠለጠለው። አገልግሎትህን ጦሩ ራሱ መመስከር አለበት። ዜግነቱን ካገኘህ በኋላም በድምሩ 5 ዓመት በክብር ሳታገለግል ከክብር በታች በሆነ መንገድ ከተሰናበትክ ዜግነቱ ሊሻር ይችላል። በማጭበርበር መግባት ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ስንብት አያስከትልም፣ ግን ሊያስከትል ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ ደግሞ ለመንግሥት ባለሥልጣን የሐሰት መረጃ ሰጥተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ምን ትላለህ? ሁለተኛ ትዋሻለህ? አሜሪካ የተወለደው ጓደኛህ ዋሽቶ ቢያዝ ሥራ ያጣል። አንተ የምታጣው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የእሱን ምክር አትስማ።

«ገብቻለሁ። ዋሽቼ ነው የገባሁት። አሁንስ?»

ለሳጅንህ አትናዘዝ፣ እዚህም ዝርዝር አትጻፍ። መጀመሪያ የጦሩን ተከላካይ ጠበቃ አግኝ። ነጻ ነው፣ የነገርከውንም ይጠብቅልሃል። ገና ቤዚክ ልትገቡ ላላችሁ፣ ባሕር ኃይልና ማሪን ልክ ስትደርሱ «ያልተናገራችሁት ካለ አሁን ተናገሩ» የሚሉበት ሰዓት አለ። እስከዚያ መድረስ የለበትም፣ ከደረሰ ግን ያ የመጨረሻው ጥሩ ዕድል ነው።

«ከተናገርኩ በኋላ ለቪኤ ካሳ አይጎዳኝም? "ድሮም ነበረብህ" አይሉኝም?» (ከዴንቨር)

ብልህ ጥያቄ ነው። ቪኤ ለማታውቁት፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ ስትገባ ከተመዘገበብህ ሕመም በቀር ጤነኛ ነበርክ ብሎ ይነሳል። የተመዘገበውም ቢሆን አገልግሎቱ ካባባሰብህ መጠየቅ ትችላለህ፣ መነሻህ በወረቀት ስላለ ምን ያህል እንደባሰ ማሳየት ይቻላል። የደበቅከው ግን በኋላ ከአሮጌ መዝገብ ሲወጣ ካሳውን ብቻ ሳይሆን ሌላ የምትናገረውንም ሁሉ ያጠራጥራል።

አጫጭሮቹን ላፍጥናቸው። የዓይን ሌዘር፦ ካሠራችሁ 180 ቀን ይለፍ፣ ከማሠራታችሁ በፊት የነበረው የመነጽር ቁጥርም ከ8 መብለጥ የለበትም፣ የድሮውን ቁጥር ያዙ። እንጥል መቆረጥ፦ ተናገሩ፣ ሐኪሙ ጉሮሯችሁን ሲያይ ግራ እንዳይገባው። ሄፓታይተስ ቢ፦ ቫይረሱ ሥር የሰደደ ከሆነ መስፈርቱ አያሳልፍም፣ ግን ብዙ ሐበሻ ቫይረሱ እንዳለበት ሳያውቅ ስለሚኖር ለጉበታችሁ ብላችሁ ተመርመሩ። ንቅሳት፦ እሱ የሕክምና ጉዳይ አይደለም፣ ሪክሩተሩን ጠይቁ።

«እስራኤል ነው ያለሁት። እዚህ ልጆቹ ፕሮፋይል 97 ለማግኘት ነው የሚደብቁት። አንድ ነው?» (ከኔታንያ)

ለማታውቁት፣ ፕሮፋይል 97 የእስራኤል ጦር ከፍተኛው የጤና ደረጃ ነው። ፍላጎቱ አንድ ነው፣ ሕጉ ሌላ ነው። እናንተ ጋ ግዳጅ ስለሆነ ሕመሙን ብትናገር ቁጥርህ ዝቅ ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ ቤትህ አትቀርም፣ ሌላ ቦታ ትመደባለህ። ለተዋጊ ክፍል ሲባል የልብ ወይ የትንፋሽ ነገር መደበቅ ግን እዚያም እዚህም ያው ነው፣ በበረሃ ጉዞ ላይ የሚሸከምህ ጓደኛህ ነው።

«እሺ ተናገርኩ፣ አልፈቀዱልኝም። ከዚያስ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያው የመጀመሪያው ልጅ)

የሜፕስ ሐኪም «አያልፍም» ማለቱ የመጨረሻ ቃል አይደለም። እሱ መስፈርቱን ብቻ ነው የሚያየው። ልዩ ፈቃድ፣ ዌይቨር የምንለውን፣ የሚሰጠው ልትገባበት ያመለከትክበት የጦር ክፍል ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ወራትም። አርሚ እምቢ ያለውን አየር ኃይል ሊቀበል ይችላል፣ በተቃራኒውም፣ እንደየጊዜው ፍላጎታቸው ነው። ሜፕስ ግን ለሁሉም አንድ ስለሆነ አንዱ ጋ የሰጠኸው መልስ ሌላው ጋም ይከተልሃል። ዌይቨር የሚጠየቀው ደግሞ ለተናገርከው ነገር ብቻ ነው። ለማን እንደተላከና ምን ወረቀት እንደጎደለ ሪክሩተሩን በየሳምንቱ ጠይቀው፣ አታፍር፣ ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈለው።