በእዝባር የተጻፈ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከዘጌ ጻፈችልኝ። ወንድሟ ከሠራዊቱ በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ተሰናብቷል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የቦርዱ ወረቀት «ለውትድርና አገልግሎት ብቁ አይደለም» ይላል፤ ሌላ አንዳች ነገር አይልም። ይዛው የሄደችበት የጡረታ ቢሮ «የጉዳቱ መጠን በመቶኛ አልተገለጸም» ብሎ መለሳት። «ጋሼ፣ አሁን ከየት ልጀምር?» ትላለች።

መልሱ አጭር ነበር። «መለሱኝ» የምትለዋ ቃሏ ግን አንድ የቆየ ፋይል ከመደርደሪያ አወረደችብኝ። እሱን ሳላነሳ ወደ ምክሩ ማለፍ አልሆነልኝም።

ፋይሉ በ1990 ተቀጥሮ በየካቲት 1991 ባድመ ላይ የቆሰለ የአንድ ወጣት ወታደር ነው። ጣና ዳር ካለችው ከቁንዝላ በጀልባ ነበር ባሕር ዳር ወደ ቢሯችን የሚመጣው፤ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በነጠላ አስሮ፣ ክራንቹን በአንድ ብብቱ ይዞ። ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋቸው ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው የክፍሉ ደብዳቤ ነው፤ በአማርኛ «የካቲት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. በግዳጅ ላይ ሳለ» ይላል። ሁለተኛው የሆስፒታል መውጫ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከግርጌው ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም ያረፈበት፣ ውሃ ነክቶት የማኅተሙ ቀለም እስከ ፊርማው የፈሰሰ። የቆሰለበት ቀን በእዝባር ነው የተጻፈው፦ 18/6/1991። ዓ.ም. የለ፣ እ.ኤ.አ. የለ።

ወረቀቱ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቀኑም የፈረንጅ ነው ተብሎ ተነበበ። በፈረንጅ ካነበባችሁት ሰኔ 11 ቀን 1983 ይሆናል። ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የቀድሞው ጦር የተበተነበት ሰሞን። ልጁ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ነበር። እንዲህ ሆኖ አንዱ ወረቀት በባድመ፣ ሌላው በፈረሰ ጦር ውስጥ አቆሰለው። መስከረም ብሎ በጣቱ ስድስት የቆጠረ ሰው የካቲት ላይ ይደርሳል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በፋይሉ ላይ የተጻፈው ግን «የሁለቱ ማስረጃዎች ቀን ስለማይጣጣም ተስተካክሎ ይቅረብ» የሚል ነው። የጽሑፉ እጅ የእኔ ነው።

ልጁ አዲስ አበባ ወጣ። ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአንድ እግር፣ በአውቶቡስ። «ካርዱ አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛም ሄደ፤ የፈረመው ሐኪም ተዛውሯል አሉት። ሁለቱንም ጊዜ መጥቶ ነገረን፣ ሁለቱንም ጊዜ «እንግዲህ ሌላ መንገድ የለም» ተባለ። መንገድስ ነበረ። በአንድ መሸኛ ላይ «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከክፍሉ ደብዳቤ ጋር ይጣጣማል» ብሎ መፈረም ይበቃ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም። የቁንዝላ ጀልባ በመጣ ቁጥር ክራንች ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ማስረጃ ሲጻፍላችሁ ከመስኮቱ ሳትነሱ ቀኑን አንብቡ። ወሩ በስሙ ይጻፍ። የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ ከሆነ ከቀኑ ጎን የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። እዚያው ቆማችሁ ስታስተካክሉት አምስት ደቂቃ ነው፤ ቤት ከገባችሁ በኋላ የወር መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዘጌዋ ልጅ። ልጄ፣ የወንድምሽ ጉዳይ በሦስት ወረቀት ላይ ነው የሚቆመው። የመጀመሪያው ከክፍሉ የሚመጣው የጉዳት ማረጋገጫ ነው፤ መቼ፣ የት፣ ምን ሲሠራ እንደቆሰለ። ሐኪም እግሩ መቆረጡን ያያል እንጂ በምን እንደተቆረጠ ሊመሰክር አይችልም። «በግዳጅ ላይ ሳለ» የምትለው ሐረግ ከሌለች ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የመጣ መሆኑ ቀርቶ ተራ የጤና ጉድለት ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልሽ፤ በተራ ጤና ጉድለት ለተሰናበተ ሰው ዘላቂ አበል የሚታሰበው አሥር ዓመት ካገለገለ ነው፣ በሥራ ምክንያት ለተጎዳ ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ሦስት ዓመት ብቻ ያገለገለ ወታደር ዕጣው በዚያች ሐረግ ላይ ነው። ክፍሉ ፈርሶ ወይም ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ከሆነ መከላከያ ሚኒስቴር የሰው ሀብት ዘንድ ነው የሚጠየቀው። በቃል ሳይሆን በማመልከቻ፣ መዝገብ ቤት ሲቀበለው የገቢ ቁጥር ሰጥቶበት።

ሁለተኛው የቦርዱ ወረቀት ነው። «ለውትድርና ብቁ አይደለም» ማለት ሠራዊቱ ለምን እንዳሰናበተው ይናገራል፤ ለጡረታ ጉዳይ ግን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ቦርዱ ሦስት ነገር መናገር አለበት፤ ጉዳቱ ዘላቂ ነው ወይስ ጊዜያዊ፣ መጠኑ በመቶኛ ስንት ነው፣ ሰውየው ሌላ ሥራ ሠርቶ መኖር ይችላል ወይስ አይችልም። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ የክፍያውን ዓይነት የምትለየው ግን እሷ ናት።

ስሌቱን በቁጥር ላሳይሽ። በ2014 እስኪተካ ድረስ በሠራው አዋጅ ቁጥር 714/2003 በሥራ ምክንያት ተጎድቶ መሥራት የማይችል ሰው ጉዳት በደረሰበት ጊዜ ያገኝ የነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ይከፈለው ነበር። መሥራት የሚችል ከሆነና ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰ ግን አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነበር፤ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ይባዛል፣ ከዚያ በጉዳቱ መቶኛ። ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን 47 በመቶው 1,880 ነው፣ በ60 ሲባዛ 112,800። ቦርዱ 40 በመቶ ቢል 45,120 ብር፣ 30 ቢል 33,840 ብር። በአንዲት የቦርድ መስመር ላይ 11,280 ብር ይወርዳል ወይም ይወጣል። መቶኛው ዘጠኝ ከሆነ ደግሞ ምንም አልነበረም።

ረጅም ዘመን ላገለገለ ሌላ ነገር አለ። በዚያው አዋጅ የወታደር አበል ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ሆኖ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ ይጨመርበት ነበር፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት 22 ዓመት ያገለገለ 49.8 በመቶ ይደርሳል፣ ከ47ቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ የሚበልጠው እንዲታሰብለት ይጠይቅ። ዝም ካለ ማንም አያሰላለትም። አዋጁ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷልና ለወንድምሽ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ አንቀጹን አሳዩኝ በይ። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው፤ ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ሦስተኛው የስንብት ደብዳቤውና የደመወዝ ማስረጃው ነው። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ስም ነው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ጸሐይና ፀሀይ፣ በአንዱ ወረቀት የአያት ስም ያለው በሌላው የሌለው። ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው፤ ለሚመዘግብ ሰው ሁለት ሰዎች ናቸው። የልደት ዘመን ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ያሰፈረው ነው የሚያዘው። ለምልመላ ብሎ ዕድሜውን የጨመረ ልጅ ዛሬ የጥምቀት ወረቀት ይዞ ቢመጣ ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ አያቀናውም።

ፎቶ ኮፒ አንሱ የሚለውን ታውቁታላችሁና አልነግራችሁም። ግን ዋናውን ላምኔት አታስደርጉ። ላስቲክ ላይ ማኅተም አይይዝም፣ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ለማለትም ዋናውን በእጁ መዳሰስ የሚፈልግ ሰው አለ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሁሉን በስልክ አንስታችሁ «አለኝ» ትላላችሁ። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ጣና ሲገባ ምን አላችሁ? ማመልከቻ ስትጽፉም በቲክቶክ እንደምታወሩት ነው፤ ሦስት ገጽ ብሶት፣ ቀንና ቁጥር የለም። ይህን ስል ግን እውነቱን ላውጣ፤ የእኛ ዘመን ሰው «አይሆንም» ሲሉት አመስግኖ ይወጣ ነበር፣ እናንተ «በየትኛው አንቀጽ?» ትላላችሁ። ያ የቁንዝላ ልጅ አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሰውነት ላይ የማይታይ ጉዳት ከሁሉ ያስቸግራል። ከመድፍ አጠገብ የቆየ ሰው ጆሮው ይደክማል፤ ፍንዳታ የወረወረው ሰው ራስ ምታቱ አይለቀውም፤ ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ አለ። እኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጸበል ነው የሚወሰደው፤ ይወሰድ፣ አልከለክልም። ግን ጸበል ካርድ አያወጣም። ሦስት ዓመት ከታመመ በኋላ ቦርድ ፊት ሲቀርብ ከሐኪም የተጻፈ አንድ መስመር ከሌለ በሽታው ዛሬ እንደጀመረ ነው የሚቆጠረው። ጠዋት ጸበል፣ ከሰዓት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፤ ሁለቱ አይጣሉም። ጆሮ ከሆነ የመስማት ምርመራው ውጤት በሥዕሉ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ «በደንብ አይሰማም» የሚል ብጣሽ ወረቀት ለመቶኛ አይበቃም። ምርመራ ላይም አትኩራሩ። ወታደር «ደህና ነኝ» ማለት ለምዶበታል፤ ያቺ «ደህና ነኝ» ካርድ ላይ ትጻፋለች።

ሰው ሠራሽ እግሩን ለማግኘት የጡረታውን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም። ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ጉዳዮቹ በየመንገዳቸው ይሂዱ። የተቆረጠ እግር ሳይለመድ በቆየ ቁጥር የጉልበቱ መጋጠሚያ ይደርቃል፣ ኋላ እግሩ ሲመጣ መታጠፍ እምቢ ይላል።

ደላላ አትያዙ። ፋይሉ ያለበትን ክፍል እናውቃለን የሚሉ ከቢሮ በር ላይ ቡና እየጠጡ ይጠብቋችኋል፤ የሚያውቁት ወረፋውን ብቻ ነው። ጠበቃም ለዚህ አያስፈልግም። ይህን ያልኩት ጉዳዩ ገና ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሳለ ነው። ውሳኔው በጽሑፍ መጥቶ ካላረካችሁ መንገዱ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ነው፤ እዚያ ለሚጻፈው ሕግ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፣ ከፍላችሁም ቢሆን። ይግባኙ ቀን የሚቆጠርበት ነገር ስለሆነ ደብዳቤውን ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ፖስታውንም አትጣሉ። ያልተጠየቀ አበልም ጊዜው ካለፈ በይርጋ ይቀራል። ቀስ በሉ፣ ትሑት ሁኑ ስላችሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ትዕግሥት አልመክርም። በየሁለት ሳምንቱ ሂዱ፣ የገቢ ቁጥሩን ጥሩ፣ ያነጋገራችሁን ሰው የሥራ መደብና ቀኑን በደብተር ጻፉ።

አንቺ የዘጌዋ፣ ከየት ልጀምር ላልሽው፤ አዲስ ቦርድ አይደለም መጀመሪያው። የመጀመሪያውን ወረቀት ለሰጠው ሆስፒታል «በቁጥር ይህ፣ በቀን ይህ በተሰጠው የቦርድ ውሳኔ ላይ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ፣ ዘላቂነቱና የመሥራት ችሎታው ስላልተገለጸ እንዲሟላልን» ብለሽ በአንድ ገጽ አመልክቺ፤ የመለሰሽን ቢሮ ደብዳቤ አያይዢበት። በቃል ከመለሱሽ መጀመሪያ በደብዳቤ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ወንድምሽ ራሱ ባይሄድ ውክልና ያስፈልግሻል፤ በሰነዶች ማረጋገጫ የተሰጠ፣ «ማስረጃ እንድትጠይቅ፣ እንድትቀበልና ይግባኝ እንድትል» የሚል ቃል ያለበት። ጀልባ ላይ ስትወጪ ወረቀቱን ከዓሣው ጋር ከታች አታስቀምጪው፤ ደረትሽ ላይ ያዢው።