«እሷ ለማለት የፈለገችው…»

ሰላም ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

የምሠራው በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ባለፈው ወር አዳማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የዓመቱን ሪፖርት አቀረብን። 60 ሰው ያህል ነበር። የተሰጠን 20 ደቂቃ ነው። ስላይዱን እኩል ተካፈልን፤ የመጀመሪያዎቹ 9 የእኔ፣ ቀሪዎቹ 9 የእሱ። ከዚያ ሁለታችንም የየራሳችንን ክፍል በየቤታችን ተለማመድን።

ገና 3ኛው ስላይድ ላይ እያለሁ «እሷ ለማለት የፈለገችው…» ብሎ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። የማወራው ሁሉ ጠፋኝ። የእሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አንዴ ስልኬን፣ አንዴ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። ማይኩ አንድ ስለነበር ስንቀባበል ሁለት ጊዜ ጮኸብን።

ክፉ ሰው አይደለም። በሥራው ይቀድመኛል፤ ብዙ ነገርም አሳይቶኛል። ከ3 ሳምንት በኋላ እንደገና አብረን እናቀርባለን። ብቻዬን ላቅርብ ልበል ወይስ ዝም ብዬ ልቻለው?

ግራ የገባኝ፣ ከአሰላ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሰው ፊት ቃልን ከአፍ መነጠቅ ያማል። በቀና ልብ ቢሆንም ያማል። ቢሆንም ብቻዬን ላቅርብ አትበዪ። ዝምም አትበዪ።

እኔን የያዘኝ «የየራሳችንን ክፍል በየቤታችን ተለማመድን» ያልሽው ነው። የሚበላሸው መቀባበያው ላይ ነው፤ መቀባበልን ደግሞ ማንም ብቻውን ሊለማመደው አይችልም።

ማኅሌት ሲቆም አይተሽ ታውቂ ይሆናል። መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀበላል። ተራው ያልሆነው ወገን መቋሚያውን ይዞ ይሰማል። የት ጋ እንደሚገባ የሚያውቀውም ሲሰማ ስለቆየ ነው።

ያንቺም ሥራ እሱ ሲናገር መስማት ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በዪና ፊትሽን ወደ እሱ አዙሪ። እጅሽ ካስቸገረሽ ወረቀትሽን ያዢበት። አዳራሹ አንቺ የምታዪውን ያያል። አንቺ ስልክ ካየሽ ሰዉም ስልኩን ያወጣል።

ከሁሉ በፊት ግን አነጋግሪው፤ ቡና እየጠጣችሁ፣ ለብቻችሁ። «በመሃል ስትገባ ሐሳቤ ይበተናል። የምትጨምረው ካለ ክፍሌን ስጨርስ እኔው እጠይቅሃለሁ» በዪው። ቃልሽንም ጠብቂ። መጨረሻ ላይ ዞረሽ «አንተ ወረዳዎቹን ስትዞር ምን አየህ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚገባበት በር ያለው ሰው አጥር አይዘልም።

ስላይድ በቁጥር መካፈሉንም ተዉት። በጉዳይ ተካፈሉ። መረጃውን የሰበሰብሽው አንቺ ከሆንሽ ቁጥሩን አንቺ ተናገሪ። ወረዳ የዞረው እሱ ከሆነ የመስኩን እሱ ይንገረን። አንዱ 12 ደቂቃ፣ ሌላው 6 ደቂቃ ቢወስድ ማንም አይቆጥርባችሁም። ያንቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የእሱን የመጀመሪያ ግን ቃል በቃል ተስማሙበት። «ቀጥሎ ባልደረባዬ ያቀርባል» ማለት ምንም አያቀብልም። እንዲህ ብትዪስ? «ክትባት ያቋረጡት ልጆች የት እንዳሉ አይተናል። ለምን እንዳቋረጡ የሚነግራችሁ ግን ቤታቸው ድረስ የሄደው ባልደረባዬ ነው።» አሁን ሰዉ እሱን መስማት ይፈልጋል። እሱም ከየት እንደሚነሳ ያውቃል።

ማይኩ የሚጮኸው ከሞንታርቦው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ሲገባበት ነው። ቀደም ብላችሁ ግቡና ሞንታርቦው የት እንዳለ እዩ። ከፊቱ አትቀባበሉ።

አንድ ቅዳሜ ባዶ ክፍል ፈልጉና ቆማችሁ ተለማመዱ። ጊዜ ካጠረ መሃሉን ዝለሉት፤ መቀባበያዎቹን ብቻ 5 ጊዜ ደጋግሙ። በስልክ ቅረጹትና አብራችሁ እዩት። ራሱን በመሃል ሲገባ ካየ አንቺ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ለየትኛው ጥያቄ ማን እንደሚመልስም ያኔ ተነጋገሩ።

ምናልባት አመል ሆኖበት ያን ቀን ደግሞ «እሷ ለማለት የፈለገችው» ቢል፣ አትደንግጪ። ይጨርስ። «አመሰግናለሁ፤ ወደ ቁጥሩ ልመለስ» በዪና ካቆምሽበት ቀጥዪ።

ካቀረባችሁ በኋላ እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።