ከዱዋላ የተረፈ ፍራንክ ሎሜ ላይ ይሠራል ወይ? (መልስ)

አይሠራም። ዱዋላ (ካሜሩን) የተረፈህ የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የጋራ ገንዘብ፣ ሴፋ ፍራንክ ነው፤ ሎሜ (ቶጎ) የሚገበያዩት በምዕራብ አፍሪካው ሴፋ ፍራንክ ነው። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም ለአንድ ዩሮ 655.957 ፍራንክ። ኖቱ ግን የተለያየ ስለሆነ ጨርቅ የምትሸጥልህ ሴት አትቀበልህም፤ መንዛሪ ካገኘህም ቆርጦ ነው የሚሰጥህ።

ስለዚህ፦
1. ከካሜሩን ሳትወጣ ወደ ዩሮ ቀይር።
2. ሎሜ ስትደርስ ለከተማው የሚበቃህን መንዝር።
3. ከሎሜ ድንበሩን ተሻግረህ የምታገኛት አፍላዎ የጋና ከተማ ናት፤ እዚያ የሚሠራው የጋና ገንዘብ ሲዲ ነው። ሲዲ ይዋዥቃልና ለዕለቱ ግዢ ብቻ ያዝ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ድንበሩ ከሎሜ መሀል ከተማ ጋር የተጣበቀ ነው፤ በሁለቱም ወገን ኤዌኛ ይነገራል፤ ነጋዴ ሴቶቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ አንድ ሰፈር ይመስልሃል። እኔም መስሎኝ ፓስፖርቴን ሆቴል ትቼ ተከተልኳቸው፤ ግማሽ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የእነሱ ነፃ እንቅስቃሴ የኤኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር) ዜጎች መብት ነው፣ የእኛ ፓስፖርት አይጨምርም። ከመሻገርህ በፊት የቶጎ ቪዛህ መልሶ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጥ።