አበበን ስንከተል ጫማ አወለቅን

ይድረስ በሥራ ዓለም ደጃፍ ላይ ለቆማችሁ ልጆች፤

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ የእርስዎ አርአያ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኳን ይዛ ስለነበር አንድ ትልቅ ስም ብጠራላት ወዲያው ፈልጋ ፎቶውን ልታሳየኝ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በመንገድ ቅየሳ ያሳለፈ ሽማግሌ ምን ይበላት?

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ እኔ ገና ከዳዴ አላለፍኩም ነበር። ነፍስ ሳውቅ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አበበ ነበር። ጫማ የነበረን ጥቂቶችም ለሩጫ ስንወጣ አውልቀን አጥር ሥር እንደብቀው ነበር። የእኔ ሸራ ጫማ አንድ ቀን እዚያው ተሰረቀ። እናቴ ያን ዕለት አበበን አላመሰገነችም።

አበበ በ1957 ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ጫማ አድርጎ መሆኑን የነገረን አልነበረም። ያውም ትርፍ አንጀቱ ከወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው! ከስዊድናዊው አሰልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የደከመበትን የዓመታት ልምምድማ ከየት እንየው? ከሩቅ ጎልቶ የሚታየው ባዶ እግሩ ነበር፤ እሱኑ ወሰድን። በዝነኞች ላይ ቂም የለኝም። ዳገቱ የሚወጣ መሆኑን ያሳዩናል። እግራቸውን የት የት እንዳሳረፉ ግን ከሩቅ አይለይም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ጋሸና አካባቢ፣ በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ፣ የመሬት ከፍታ እንለካ ነበር። አንዱ በመሣሪያው ያነብባል፣ ሌላው ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ፣ ስታፍ የምንለውን፣ እንደ ቱንቢ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መሣሪያው ወደፊት ሲሻገር ስታፉ ከቆመበት ነጥብ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ካለ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ የተበላሸ ነው።

ስታፍ ያዣችን ከሁላችንም በዕድሜ የገፉ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፉ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ማታ እሳት እየሞቅን ድንገት «ከቀትር በኋላ ያቺ አፋፉ ላይ ያለች ድንጋይ ከድታኛለች፤ ስታፉን መልሼ ነው ያቆምኩት» አሉ። ማንም አላየም። የሚቀጥለው ቤንችማርክ፣ ከፍታው አስቀድሞ የታወቀው ምልክት፣ ጋ ስንደርስ ልዩነቱ ይወጣል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ግን አይወጣም። አንባቢው እኔ ስለነበርኩ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነበር። በማግስቱ የግማሽ ቀን ሥራ ወደኋላ ተመልሰን ደገምን። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ላይ በፈረምኩ ቁጥር ያቺ ድንጋይ ትዝ ትለኛለች።

ተራ ሰው ሁሉ አርአያ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ያልረገጠውን ቦታ ቁጥር ሆቴል ቁጭ ብሎ ደብተር ላይ የሚሞላ ሰው ነበር። ቀልደኛ፣ ለጋስ፣ ሁሉም የሚወደው። አንድ በጋ ሙሉ እኔም እንደ እሱ ሞላሁ። ክረምት ሲገባ እኔ በሞላሁት ቁጥር የተቆፈረው ቦይ ጎርፉን ወደ አንዲት ባልቴት ማሳ መለሰው። ጤፏ ተኝቶ ቆሜ አየሁት። የቅርብ ሰው ክፉውንም በደንብ ያስተምራል፤ ዕዳውን ማን እንደሚከፍልም እዚያው ታያላችሁ።

በቆጂን ታውቃላችሁ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት ትንሿ የአርሲ ከተማ። እኛ የእነሱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እነሱ ግን በልጅነታቸው ከፊታቸው ያገኙት የትምህርት ቤቱን የስፖርት መምህር፣ ስንታየሁ እሸቱን ነው።

ስለዚህ ፎቶውን ከግድግዳው አታውርዱ። ግን «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ብላችሁ የምትጠይቁት፣ ሲደክመውና ሲሳሳት ያያችሁት አንድ ሰው ከአጠገባችሁ ፈልጉ። የምትሠሩበት ቢሮ ውስጥ ካጣችሁት ጥበቃው ጋ ወይም መዝገብ ቤት ዞር ዞር በሉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሼን ጡረታ ከወጡ በኋላ ደሴ ፒያሳ አገኘኋቸው። ሻይ ጋብዤ ያቺ ማታ ምን እንዳደረገችኝ አጫወትኳቸው። ሳቁ። «ድንጋይዋን እንኳ ረስቻታለሁ» አሉኝ። «በማግስቱ ዳገቱን ስንወጣ ስትረግመኝ መዋልህን ግን አልረሳሁም።»

እውነታቸውን ነው፤ ረግሜያቸው ነበር።