ሁለት ጥምረት የጎደለው የሩዝ ሙከራ

ጥያቄው የመጣው ከወረታ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ዘርታ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን ሞክራለች፦ ናይትሮጅን በአራት ደረጃ (0፣ 46፣ 92 እና 138 ኪሎ በሄክታር)፣ ፎስፈረስ (ፒ2ኦ5) በሦስት (0፣ 23 እና 46)። 12ቱን ጥምረት በሦስት ብሎክ (እያንዳንዱ ሁሉንም ጥምረት አንድ አንድ ጊዜ በሚይዝ የመሬት ክፍል) መዝራት ነበረባት፤ መሬት ስላልበቃት ሁለቱን ተወች፦ 138 ናይትሮጅን ያለ ፎስፈረስ፣ 46 ፎስፈረስ ያለ ናይትሮጅን። በዚያ ላይ ነሐሴ ውስጥ የርብ ወንዝ ሞልቶ ከሦስተኛው ብሎክ አንድ ፕሎት (የሙከራ መደብ) ወሰደባት። «ጋሼ፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ፕሮግራሙ) ሠንጠረዡን ያወጣልኛል፤ ከአማካዮቹ ሥር ግን ማስታወሻ ይጽፍብኛል፣ ሁለት ቦታ ላይም ነጥብ ብቻ ያስቀምጣል። አማካሪዬ ‹ኢንተራክሽኑን (የአንዱ ማዳበሪያ ውጤት በሌላው መጠን መለዋወጡን) ተይውና ዋናውን ውጤት (የእያንዳንዱን ለብቻው) ጻፊ› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጉድለት እንለይ። ጎርፍ የወሰደው ፕሎት የጠፋ ቁጥር ነው። የዚያው ትሪትመንት (የማዳበሪያ ጥምረት) ሁለት ፕሎቶች በሌሎቹ ብሎኮች ቆመዋል፤ ስለዚህ አማካዩ ይገመታል። የስታትስቲክስ ሊቁ ፍራንክ ዬትስ በ1933 (እ.ኤ.አ.) በእጅ የሚሠራበት ቀመር አውጥቶለት ነበር፤ ዛሬ ፋይሉ ላይ ቦታውን ባዶ መተው ይበቃል። ዜሮ ግን እንዳትጽፊበት፤ ዜሮ ማለት ታጭዶ ምንም አልተገኘበትም ማለት ነው። ደግሞም ፕሎቱን ያጠፋው ጎርፉ ብቻ መሆኑን አረጋግጪ። ናይትሮጅን በዝቶበት የተጋደመ ሩዝ ከሆነ እሱ ራሱ ውጤት ነው፣ እንደ ጠፋ ቁጥር አይታለፍም።

ያልዘራሻቸው ሁለቱ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ያልተዘራ አይታጨድም፤ ኤስፒኤስኤስ ነጥብ ያስቀመጠው በእውነተኛነቱ ነው። ችግሩ ያለው ማስታወሻ የተጻፈባቸው አማካዮች ላይ ነው። ነገሩ እንዲገባሽ አንድ የፈጠራ ምሳሌ ልስጥሽ። ናይትሮጅን ለሩዙ ምንም አልፈየደም እንበል፤ ፎስፈረስ ብቻ ምርቱን ከ30 ኩንታል ወደ 35፣ ከዚያም ወደ 40 አሳደገው። የናይትሮጅን 0 አማካይ የሚሠራው ከፎስፈረስ 0 እና 23 ብቻ ነው፦ 32.5። የናይትሮጅን 138 አማካይ ደግሞ ከ23 እና ከ46፦ 37.5። ናይትሮጅን ምንም ሳያደርግ አምስት ኩንታል ጨመረ ተብሎ ሊጻፍለት ነው! እነዚህን አማካዮች ቲሲስሽ ውስጥ አታስገቢ። «ዓይነት 4» የሚባለው ድምር ካሬ (የልዩነት መለኪያ ስሌት) ለባዶ ሳጥን፣ ማለትም ላልተዘራ ጥምረት፣ የተበጀ ነው የሚሉሽም ይኖራሉ፤ እሱም የሚፈትነው ነገር ባዶዎቹ እንደወደቁበት ቦታ ይለዋወጣል። እኔ አልጠቀምበትም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ። ፋክተሮቹን (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚለውን ክፍፍል) ለጊዜው ረስቼ፣ አሥሩን ጥምረት እንደ አሥር ተራ ትሪትመንት ቆጥሬ ከብሎክ ጋር አኖቫ (የአማካዮችን ልዩነት የሚፈትን ትንተና) እሠራለሁ። 29 ፕሎት አለሽ፤ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ነጻ የንጽጽሮች ብዛት) 28 ነው፦ 2 ለብሎክ፣ 9 ለትሪትመንት፣ 17 ለስህተት። ከዚህ የምታገኚውን የስህተት አማካይ ካሬ (ፕሎቶች በአጋጣሚ የሚለያዩበትን መጠን) እስከ መጨረሻው ያዢው።

ቀጥለሽ ሁሉም ሳጥን የተዘራባቸውን ሦስት ባለአራት ማዕዘን ክፍሎች ከሠንጠረዡ ቁረጪ። ናይትሮጅን 46 እና 92 ከሦስቱም ፎስፈረስ ጋር ሙሉ ነው። ናይትሮጅን 0፣ 46 እና 92 ከፎስፈረስ 0 እና 23 ጋር፤ ናይትሮጅን 46፣ 92 እና 138 ከፎስፈረስ 23 እና 46 ጋርም እንዲሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ዋና ውጤትም ኢንተራክሽንም ንጹሕ ትርጉም አላቸው፤ የምትፈትኚውም ባስቀመጥሽው የስህተት ካሬ ነው። ሦስቱ ክፍሎች ሳጥን ስለሚጋሩ ግን ነጻ ማስረጃዎች አይደሉም፣ ድምር ካሬያቸውንም አትደምሪ።

አማካሪሽ ያሉት ፈጽሞ ስህተት ነው አልልም። ከ9ኙ የትሪትመንት ዲግሪ 3 ለናይትሮጅን፣ 2 ለፎስፈረስ ሲሄድ 4 ለኢንተራክሽን ይተርፋል (በሙሉው ሙከራ 6 ይሆን ነበር)። ያ አራት ምንም ካላሳየ፣ ኢንተራክሽን የሌለበት ሞዴል ገጥመሽ ከሱ የተስተካከሉ አማካዮችን ማውጣት ይቻላል። ቅር የሚለኝ ግን አንድ ነገር አለ። የጎደሉሽ ሁለቱ የሠንጠረዡ ማዕዘኖች እኮ ኢንተራክሽን ካለ ጎልቶ የሚታይባቸው ናቸው፤ ፎስፈረስ ያጣ ሩዝ 138 ኪሎ ናይትሮጅን ምን ያደርግለታል? የሌለውን ማዕዘን ሳታዪ «ኢንተራክሽን የለም» አትበዪ። «በተዘሩት ጥምረቶች ውስጥ አልታየም» በዪ።

የማዳበሪያ ደረጃ ቁጥር ስለሆነ የተሻለ መንገድ አለሽ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ የሁለቱ ካሬና የሁለቱ ብዜት ያለበት ሪግሬሽን (ምርቱን ከማዳበሪያው መጠን የሚገምት ቀመር) ከብሎክ ጋር ግጠሚ። አምስት ዲግሪ ይወስዳል፤ የቀረው አራት ሞዴሉ ከመረጃው ጋር መግጠም አለመግጠሙን ይፈትንልሻል። ካልገጠመ ወደ ሦስቱ ባለአራት ማዕዘን ክፍሎች ተመለሺ። ከገጠመም ሁለቱ ያልተዘሩት ማዕዘኖች አካባቢ ኩርባው የሚልሽን አትመኚ፤ ምክረ ሐሳብሽንም ከዚያ አታውጪ።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልጠይቅሽ፦ ፎስፈረሱን በምን ሰጠሽው? በኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከሆነ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፒ2ኦ5፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለበት። 23 ኪሎ ፒ2ኦ5 ለማግኘት 60 ኪሎ ተኩል ገደማ ኤንፒኤስ ትበትኛለሽ፤ ከሱ ጋር 11.5 ኪሎ ናይትሮጅን ይገባል። በሌሎቹ ላይ ከዩሪያው ቀንሰሽ ሊሆን ይችላል፤ «ናይትሮጅን 0፣ ፎስፈረስ 23» ያልሽው ጥምረት ላይ ግን የምትቀንሺው ዩሪያ የለም፣ ስለዚህ ዜሮው ዜሮ አይደለም። በአኖቫ ይህን ማስተካከል አይቻልም፤ በሪግሬሽኑ ግን ለእነዚያ ሦስት ፕሎቶች በ0 ፈንታ 11.5 ታስገቢያለሽ፣ አለቀ። ሰልፈሩ ከፎስፈረስ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ የሚለይበት መንገድ የለም፤ በጽሑፍሽ ግለጪው። በቲኤስፒ (ናይትሮጅን በሌለበት የፎስፈረስ ማዳበሪያ) ሰጥተሽ ከነበረ ይህ ሁሉ አይመለከትሽም።

ፋይሉን ስትልኪልኝ ደረጃዎቹን ብቻ አትላኪ። በየፕሎቱ የተበተነውን የዩሪያና የሌላውን ማዳበሪያ ግራም፣ የፕሎቱን ስፋትና የብሎኮቹን አቀማመጥ በእጅ ሥለሽም ቢሆን ጨምሪበት፤ ርብ ከየት በኩል እንደገባም ምልክት አድርጊልኝ።