«አየር ወጣ ወይ?»

የአንድ የእድራችን አባል አባት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሊጠይቃቸው የሄደው ሁሉ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ እሑድ ከስብሰባው በኋላም ጥያቄው እኔ ላይ ወረደ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የመለስኩት ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር አባቴን «አየር ወጣ ወይ?» ይላቸዋል። ሌላ የሚጠየቅ ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ ከእሱ የሚቀድም ጥቂት ነው። አንጀት በቀዶ ሕክምና ሲነካ ሥራውን ያቆማል። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ጨጓራ በአንድ ሁለት ቀን ይነቃል፤ ትልቁ አንጀት ግን 3 ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አየር (ማለትም ፈስ) ከወጣ ዘግይቶ የሚነሣውም ተነሥቷል ማለት ነው። አንድ አዛውንት ጠያቂ ከብቧቸው ሳለ ስጠይቃቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ሰው ሲወጣ «ሌሊት ነበር እኮ» አሉኝ። እባካችሁ ጠያቂዎች፣ ይህ ሲጠየቅ ከክፍሉ ወጣ በሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ወስደን የአንጀት ስፔሻሊስት ቢሠራቸው ኖሮ ቶሎ ያገግሙ ነበር?

መልስ፦ የእሳቸው አንጀት ተጠማዞ ነበር። በደጋው አገራችን፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ ብዙ ጊዜ የምናየው ነው። ሆድ እንደ ከበሮ ሲነፋ፣ አየርም ሰገራም እምቢ ሲል፣ የተጠማዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ሊበሰብስ ይችላል። ያን ጊዜ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ቅርብ እያለ 130 ኪሎ ሜትር ስፔሻሊስት ፍለጋ መሄድ አይመከርም። አንጀቱ ካልበሰበሰ ግን በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አየሩ ወጥቶ ጥምዝምዙ ሊፈታ ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮ ይሆናል፤ ሐኪም ለመምረጥ ጊዜ የሚገኘውም ያኔ ነው።

በቀጠሮ ለሚሠራ፣ በተለይ ለካንሰር፣ ስፔሻሊስቱ ጥቅም አለው። አንጀት ዘወትር የሚሠራ ሐኪም አንጀቱን ብዙ አያገላብጥም፤ መሣሪያው ካለ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት በካሜራ ይሠራል። አንጀቱም ቶሎ ይነቃል። ነገር ግን ሲነጻጸር ማታለያ አለው፤ ወደ ስፔሻሊስቱ በቀጠሮ፣ ተዘጋጅቶ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሙ ሌሊት በቃሬዛ የመጣውን ይቀበላል። እኔ ብሆን ከማዕረጉ በፊት «እንዲህ ያለውን በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ደግሞም ሥራው በሐኪሙ እጅ አያበቃም። ሄንሪክ ኬሌት የተባሉ ዴንማርካዊ ቀዶ ሐኪም በ1990ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሕመምተኛው ሕመሙ ታግሶለት፣ ቶሎ በልቶ፣ ቶሎ ከተራመደ በጥቂት ቀናት ቤቱ ሊገባ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ደብረ ብርሃንም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ማስቲካ ማኘክ አንጀትን ያስነሣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ጥቂት ያግዛል። ማኘኩ አንጀትን ምግብ የመጣ ያስመስልበታል። ሐኪሙ ከፈቀደ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አጥሚት ይዘን ሄደን ነርሷ ከለከለችን።

መልስ፦ ምናልባት እኔ ነበርኩ። ሆዳቸው ተነፍቶ ያስመልሳቸው ከነበረ ትክክል ነኝ። ካልነበረ ግን በውሃና በሻይ ጀምሮ ወደ ቀጭን አጥሚት መሄድ ይቻላል፤ አየር እስኪወጣ ሁሉንም ማስራብ የድሮ ልማድ ነው። በሶው ግን ቤት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ማስታገሻ አንጀት ያስራል ብለው አልወስድም አሉ።

መልስ፦ ፔቲዲን፣ ሞርፊንና ትራማዶል የሚባሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች አንጀትን ያዘገያሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያመመው ሰው አይራመድም። ከፓራሲታሞል ጋር ሲሰጥ የእነዚያ መጠን ይቀንሳል፤ ተረኛውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቤት ከገቡ በኋላ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ የተሰፋው አንጀት ሊያፈስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን መካከል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሚብስ የሆድ ሕመም፣ እንደገና መነፋት፣ አረንጓዴ ትውከት ካያችሁ «ይንጋና እናያለን» አትበሉ። ከመሐል ሜዳ በሌሊት መኪና አይገኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ ያንን ሳምንት እዚሁ ከተማ፣ ዘመድ ቤት ያሳልፉ።